መጀመሪያ ቤቱን ልየው

የመምሬ ጥበቡን ሞት የሰማሁት ሞጣ ገበያ በበርበሬ ዋጋ ስከራከር ነው። ሻጩ ከብቸና መምጣቱን ሲያወራ ስለሰማሁ፣ ትንሽ ቢቀንስልኝ ብዬ፣ “እኔም እኮ ብቸና ኖሬያለሁ፤ የመምሬ ጥበቡ ተከራይ ነበርኩ” አልኩት። ሰውየው ሚዛኑን እንኳ ሳያስቀምጥ፣ “ውይ፣ እሳቸውማ አረፉ! አልሰማሽም እንዴ? ከተቀበሩም ሰነበቱ” አለኝ።

እንዲህ ያለ ነገር በርበሬ እየመዘኑ አይነገርም። ተናድጄ ትቼው ሄድኩ። ጥቂት እንደተራመድኩ ግን ተመለስኩና፣ “ፍትሐት ሲደርስላቸው የልጃቸው ስም አብሮ ተጠራ?” ብዬ ጠየቅሁት።

“የምን ልጅ?”

“የእንየው።”

“እሱን እንኳ አላወቅሁም። ሰዉ ብዙ ነበር፤ እኔ ከኋላ ነበርኩ” አለኝና እንደ እብድ አይቶኝ ወደ ደንበኞቹ ዞረ። መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ። ከመሞታቸው እኩል ያስጨነቀኝ ይኸው የስም ነገር ነበር። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ብቸና የገባሁት በደርግ ጊዜ፣ በአስተማሪነት ተመድቤ ነው። ወጣት ነበርኩ፤ አንደበቴ አያርፍም ነበር፤ አሁንም አላረፈም። ቤተ ክርስቲያን ለመሳምም እናቴ ካልጎተጎተችኝ አልሄድም። እንዲህ ያለሁትን ሴት ነው እንግዲህ መምሬ ጥበቡ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ያከራዩኝ። የደብሩ ቄስ ናቸው፤ የነፍስ አባት የሆኑላቸው ቤቶችም ብዙ ነበሩ። ባለቤታቸው እትዬ ውዴ ዝምተኛ ናቸው። ከወለዷቸው ልጆች በሕይወት የቀረላቸው እንየው ብቻ ነበር፤ እሱም የእኔ ተማሪ ሆነ። ሒሳብ አይሆንለትም። የጠመኔ ቁራጭ ካገኘ ግን የክፍሉን ግድግዳ በሬ በሬ ያደርገዋል፤ እኔም እየተቆጣሁ ቶሎ አላስጠፋውም ነበር።

መምሬ ረጅምና ፈጣን ናቸው። ጥምጥማቸው ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ እትዬ ውዴ ቢያቃኑላቸው አጥሩን ሳያልፉ ተመልሶ ይዘማል። ሌሎቹ ካህናት የሕግ ጥያቄ ሲመጣላቸው መጽሐፍ ይገልጣሉ፤ በቃላቸው የሚያውቁትም ወዲያው ይመልሳሉ። መምሬ ጥበቡ መልሱን እያወቁት እንኳ አይመልሱም። ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መታ ያደርጉና፣ “መጀመሪያ ቤቱን ልየው” ብለው ይነሣሉ። ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ ጠያቂው ቤት ይሄዳሉ፤ ወንበር ለምነው ይቀመጣሉ። ብዙም አይናገሩ። ምድጃውን ያያሉ፣ መደቡን ያያሉ፣ ልጆቹን ያያሉ። ከዚያ ተመልሰው መጽሐፋቸውን ይገልጣሉ። መልሱን ይዘው ደግሞ እዚያው ቤት ይሄዳሉ እንጂ ጠያቂውን አስጠርተው አያውቁም።

“ለምን አያስጠሩትም? ሽማግሌ ሰው ነዎት፣ ይደክምዎታል” ብላቸው፣ “መልሱን ይዞ የሚኖረው እዚያ ቤት አይደለም? እዚያው ሲሰማው ይሻላል” አሉኝ።

በድርቁ ዓመት አንዲት አራስ ከዓባይ በረሃ ወጥታ ከተማው ዳር ተጠግታ ነበር። የእርዳታ ሰዎች የዱቄት ወተት ሰጥተዋት ስትጠጣ ጎረቤቶቿ አይተው፣ በዐቢይ ጾም ወተት ጠጣች ብለው መምሬ ዘንድ ከሰሷት። መምሬ ጉልበታቸውን መቱና ሄዱ። ሲመለሱ እኔ ልብስ አጥብ ነበር። ከሳሾቹ አጥር ሥር ተሰብስበው ይጠብቃሉ።

“ድስቷን ከፍቼ አየሁ” አሉ መምሬ። “ጾሙ የገባው ለእኛ ነው እንጂ እሷማ ከመኸር ጀምራ ስትጾም ነው የከረመችው። ትጠጣ። ጡት የሚጠባውንስ ልጅ ማነው ጹም ያለው? አሁን ደግሞ ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቋት፤ ባዶ እጃችሁን ግን እንዳትሄዱ።”

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ከመካከላቸው አንዷ ዱቄት በቁና ይዛ ወደ አራሷ ስትሄድ አየኋት።

እኛ አስተማሪዎች በዚያ ዘመን በየሳምንቱ የውይይት ክበብ እየተባለ እንሰበሰብ ነበር። ካድሬው “ተጨባጭ ሁኔታውን መገምገም” የምትል ነገር ከአፉ አትጠፋም። አንድ ቀን መምሬን ልነካካቸው ብዬ፣ “እርስዎም እኮ እንደ ካድሬዎቹ ሆኑ፤ ተጨባጭ ሁኔታ ነው የሚገመግሙት” አልኳቸው። ሳቁና፣ “እነሱ ሁኔታውን የሚያዩት አዳራሽ ተቀምጠው ነው፤ እኔ ሰው ቤት ወንበር ለምኜ ነው” አሉኝ። ከዚያ ደግሞ፣ “ያም ሆኖ እሳሳታለሁ፣ አንቺ መምህርት። ወንበር ላይ ተቀምጦም መሳሳት አለ” አሉ። ያኔ የትሕትና ወግ መስሎኝ ነበር።

የተሳሳቱት ስማቸው በሚባል ሰው ነው።

ስማቸው የብቸና ገበሬ ልጅ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሲሄድ ሚስቱ ይታይሽ ሴት ልጅ ታቅፋ ቀረች። ብዙ ቆይቶ አብሮት የዘመተ አንድ ወታደር ለፈቃድ መጣና፣ ስማቸው አጠገቤ ወደቀ፣ በዓይኔ አይቻለሁ አለ። መንግሥት ስለ ሟች ለቤተሰብ በማይነግርበት ዘመን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። መምሬ ግን ይታይሽ ቤት ሄደው ተቀመጡ። ሴቲቱ ማቅ ልልበስ አልልበስ በማለት መካከል ቆማለች፤ ማሳው አልታረሰም፤ የባሏ ዘመዶች ከደጅ እስከ ወንዝ ይጠብቋታል። ሚስትም አይደለች፣ መበለትም አይደለች። መምሬ ወታደሩን አስቀምጠው ደጋግመው ጠየቁት። እሱ ምሎ ነገራቸው።

ፍትሐት አደረሱ። አርባውም ወጣ። ዓመት ካለፈ በኋላ ይታይሽ አንድ ደግ ገበሬ አገባች፤ ጸሎት አድርሰው የባረኩላትም መምሬ ናቸው። ማሳው ታረሰ። ሕፃኗ ወፈረች። መምሬ በዚያ መንገድ ባለፉ ቁጥር ደስ እያላቸው ይመለሱ ነበር።

ከዚያ በአንድ የገበያ ቀን ስማቸው በምርኩዝ ከአውቶቡስ ወረደ።

ጭንቅላቱን ተመትቶ ስሙን እንኳ ሳያውቅ ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲዘዋወር ከርሞ ኖሯል። አንድ እግሩም ተቆርጧል። እኔ ገበያው ውስጥ ነበርኩ። አንዲት ሴት እልል ስትል ሰማሁ፤ እልልታው መሐል ላይ ቀጥ አለ። ማን ይጠጋዋል? ሰው ሁሉ አፈገፈገ። ፍትሐት የደረሰለት፣ ተዝካሩ የተበላለት ሰው ነው። ስማቸው ገበያው መሐል ምርኩዙን ይዞ፣ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ቆሞ ቀረ።

መምሬ ስማቸው ያረፈበት እናቱ ቤት ሄደው ቀኑን ሙሉ ተቀመጡ። ተመልሰው መጽሐፋቸውን ገለጡ። እንደገና ሄዱ። በኋላ እሱ ራሱ እንደነገረኝ፣ “አንተን የሚመስል መጽሐፉ ውስጥ አጣሁ፣ ልጄ” ነበር ያሉት። ከይታይሽም ቤት ሄዱ። ያች ልጅ ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ተቃርባ ነበር። “መምሬ፣ ተመለሽ የሚሉኝ ከሆነ እመለሳለሁ። ሆዴ ያለውን ግን የት ላድርገው?” አለቻቸው። መልሱን የሰጠው ስማቸው ነው። “ትኑርበት። እሷ ምን በደለች?” አለ።

በዚያው ወር ጽዋ ማኅበሩ መምሬ ቤት ነበር። ስማቸውን ጠሩት፤ መጣ፤ ጥግ ተቀመጠ። ዳቦው ተባርኮ ጽዋው ሲዞር እሱ ዘንድ ደረሰ፤ ጠጣና ለቀጣዩ ሰው አቀበለ። ሰውየው ተቀብሎ ሳይቀምስ መሬት አስቀመጠው። መምሬ ከመቀመጫቸው ተነሡና ስማቸው እግር ሥር ተደፉ። “በቁምህ የቀበርኩህ እኔ ነኝ፤ እነዚህ ምን ያድርጉ? ይቅር በለኝ” አሉት። ስማቸው ሊያነሣቸው ሲሞክር ምርኩዙ ወደቀ። መምሬ ቀና ብለው ጽዋውን አነሡ፤ እሱ በጠጣበት በኩል ጨልጠው ጠጡት። ከዚያ በኋላ ያልጠጣ አልነበረም። እትዬ ውዴ ጓዳ ሆነው ሲያለቅሱ ይሰማኝ ነበር።

ያን ቀን መምሬ አንድ ነገር ለራሳቸው ማሉ፤ አስከሬን ሳላይ፣ ወይም የቀበረው ሰው በእጄ አፈሩን ሳያስጨብጠኝ፣ ፍትሐት አላደርስም ብለው። መሐላውን ሲምሉ በማን ላይ እንደሚወድቅ አላወቁም።

እንየውን የወሰዱት በአፈሳ ነው። ጨው ግዛ ተብሎ እንደወጣ ቀረ። እትዬ ውዴ እስከ መኪናው ድረስ ሮጠው ጋቢውን ሊያቀብሉት ሲሉ ካሚዮኑ ተነሣ፤ ጋቢውን ይዘው ተመለሱ። አልጋው ላይ አጥፈው አስቀመጡት። መጀመሪያ ላይ ከሰው ጋር ሰላምታ ይልክ ነበር። ኋላ ሰላምታውም ቀረ። ከዚያ የደብረ ወርቅ ልጅ የሆነ አንድ ወታደር መጣና፣ እንየው የነበረበት ምሽግ ከነሰዎቹ እንደጠፋ ነገራቸው።

“አይተኸዋል?” አሉት መምሬ።

“ምሽጉን አይቻለሁ፣ አባቴ።”

“እሱን ነው የምልህ።”

ልጁ ተነሥቶ ወጣ። እኔ እውነቱን ለመናገር የዚያን ዕለት እንየው እንደሞተ አምኛለሁ፤ ዛሬም አምናለሁ። እትዬ ውዴም እናት ናቸውና አወቁት። “ስለ እመቤታችን ብለው ፍትሐት ያድርሱለት፤ እኔም ላልቅስበት” ብለው ለመኗቸው። መምሬ፣ “የስማቸውም ጓደኛ አየሁ ብሎ ምሎልኝ ነበር” አሉ። ከዚህ ሌላ ቃል ከአፋቸው ማውጣት አልተቻለም። ልጆቻቸው የጠፉባቸው ሌሎች እናቶችም እየመጡ ይህንኑ መልስ ይዘው ይመለሱ ነበር። ጨካኝ ነው ያሏቸው ብዙ ናቸው። እኔም ብያቸዋለሁ።

በዚህ መሐል እትዬ ውዴ እየመነመኑ ሄዱ። ሞተ ሳይባል ማልቀስ ሟርት ነው ተብሎ ማንም ለቅሶ አይደርሳቸውም፤ እሳቸውም ደረት መምታት አይችሉም። በየማዕዱ የእንየውን ድርሻ ቆርሰው ያስቀምጣሉ፤ ሲደርቅ ለዶሮ ይሰጣሉ። አንድ ጠዋት ይህን አይቼ አልቻልኩም። መምሬ ከቅዳሴ ሲመለሱ በር ላይ ያዝኳቸው።

“መምሬ፣ የሰዉን ሁሉ ቤት ወንበር ለምነው አይተዋል። የራስዎን ቤት መቼ ነው የሚያዩት?”

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰው ከአጥሩ ወጡ። ከውጭ ሆነው፣ እንደ እንግዳ፣ “እንደምን አደራችሁ፣ የቤት ባለቤቶች?” አሉ። እትዬ ውዴ ደንግጠው ወጡ። “ወንበር ስጪኝ፣ እሜቴ” አሏቸው። የራሳቸው ቤት ውስጥ፣ በር አጠገብ፣ ሰዎች በሚያስቀምጧቸው ቦታ ተቀመጡ። ምድጃውን አዩ። አልጋውን፣ የታጠፈውን ጋቢ፣ የደረቀውን ቁራሽ አዩ። እትዬ ውዴን ግን ብዙ አዩ። እስኪመሽ አልተነሡም።

ከዚያ መጽሐፋቸውን ይዘው ደብሩ ውስጥ ሰነበቱ። ሲመለሱ ለሚስታቸው የነገሩትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። “ፍትሐቱን አልችልም፣ ውዴ፤ አትጠይቂኝ። ግን ቅዳሴው ላይ ለመንገደኛ የሚጸለይ ጸሎት አለን። መንገድ የወጣ ሰው ይድረስ ይቅር ቤቱ ያለው አያውቅም፤ ቤተ ክርስቲያንም አላውቅም ብላ ነው የምትጸልይለት። እነዚህ ልጆች ከዚህ ሌላ ምን ናቸው? እዚያ ላይ የሁሉንም ስም እጠራለሁ። አንቺም አልቅሺ። ለተለየሽ ልጅ ለማልቀስ ሞቱን መጠበቅ የለብሽም። እስከዛሬ ከልክዬሽ ከሆነ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።”

በሚቀጥለው እሑድ የእናቶቹ ሁሉ ልጆች ስም ተጠራ። እኔም እናቴ ሳትጎተጉተኝ ሄድኩ። ሲጠሩ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ እንየውን የጠሩት በሌሎቹ መሐል ነው፤ ለይተው አላስቀደሙትም፣ አላስቀሩትም። ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ቅጥሩ ውስጥ ተሰብስበው አለቀሱ። እትዬ ውዴ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ሲያለቅሱ፣ ያች ዝምተኛ ሴት ያን ያህል ድምፅ ከየት አመጣች አልኩ። ይታይሽም መጥታ ነበር። ስማቸው ምርኩዙን ተደግፎ ከወንዶቹ ጋር ቆሟል። መምሬ ብቻ አላለቀሱም።

በሳምንቱ መምሬን ወስደው አሰሯቸው። የጦሩን ሞራል የሚሰብር ለቅሶ አስለቅሰሃል ተባሉ። ካድሬው፣ “ማን ሞተ ብለህ ነው የምታስለቅሰው?” ሲላቸው፣ “እኔ ሞቱ አላልኩም። እናንተም አሉ አላላችሁም” ብለው መለሱ ተባለ፤ ከተማው ሁሉ ይህን በሹክሹክታ ይቀባበለው ነበር። ሲለቀቁ ሳል ይዘው ወጡ፤ ሳሉ ከዚያ በኋላ አልለቀቃቸውም። የመንገደኛውን ጸሎት ግን አላቋረጡም።

እትዬ ውዴ ብዙ አልቆዩም። ሚስታቸውን ራሳቸው ፍትሐት አድርሰው ቀበሩ። እኔ ወደ ሞጣ ተዛወርኩ። ስሰናበታቸው፣ “መምሬ፣ እርስዎስ መቼ ነው የሚያለቅሱት?” አልኳቸው። “ስማቸው መጥቷል እኮ” አሉኝ። ያኔ ነው የገባኝ። አንድ ሰው ከሞት ተመልሶ አይተዋል፤ ከእንግዲህ ማንንም ሞተ ማለት አይሆንላቸውም። ሌላው ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ያርፋል፤ እሳቸው ማረፊያው ተዘጋባቸው። ስማቸውን ሳያዩ ውለው የማያድሩትም ለዚህ መሰለኝ። እትዬ ውዴ ከሞቱ በኋላ ጭራሽ አብሯቸው ገባ፤ የቀበሩት ሰው ውኃ እየቀዳ፣ ሳላቸው ሲነሣ እየደገፈ አኖራቸው።

ደርግ ወድቆ ጦሩ ሲበተን በዓባይ ድልድይ በኩል የሚመለሰው ወታደር ብዛት ሞጣ ድረስ ተወራ። በእግሩ፣ በባዶ እግሩ፣ በምርኩዝ ይመጣል። እያንዳንዱን ባየሁ ቁጥር መምሬን አስባለሁ፤ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ሳልሄድ ያ በርበሬ ሻጭ ነገረኝ።

በማግሥቱ ተሳፈርኩ። ብቸና ስደርስ ዶፍ ይዘንባል። ግቢው እንዳለ ነው። ስማቸው ብቅ ብሎ፣ “እታለም! መጣሽ?” አለና አቅፎኝ አለቀሰ። ሳልቀመጥ ያንኑ ጠየቅሁት፤ የእንየው ስም አብሮ ተጠራ ወይ ብዬ።

“አልተጠራም” አለኝ። “እኔው ጠይቄያቸው ነበር። ታመው እንደተኙ፣ ‘መምሬ፣ ወታደሩ ሁሉ ገብቶ አለቀ። ፍትሐት ሲደርስልዎ የእሱንም ስም ላስጠራው?’ አልኳቸው። ኋላ ጉልበታቸውን ሊመቱ እጃቸውን አነሡ፤ አልደረሰላቸውም፣ ፍራሹን ነው የመቱት። ‘መጀመሪያ ሄጄ ልየው’ አሉኝ። ‘እዚያ ካገኘሁት አብሬው እሆናለሁ። ካጣሁት ግን ገና መንገድ ላይ ነውና፣ ልጄ፣ በሩን እንዳትዘጋበት።’ ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።”

ዞር ብዬ አየሁ። በሩን በድንጋይ አስደግፎታል። ዝናቡ በነፋስ እየተገፋ ደፉን አልፎ መሬቱን አርሶታል። ጋቢው እትዬ ውዴ እንዳጠፉት አልጋው ላይ ነው።

“ወንበር ስጠኝ” አልኩት። በር አጠገብ፣ እሳቸው ይቀመጡበት በነበረው በኩል አስቀመጠልኝ። ተቀመጥኩ። እንየው እንደሞተ ዛሬም አምናለሁ ብያለሁ፤ ያን ቀን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬም አምን ነበር።

ሊመሽ ሲል ብርዱ ጠና፤ መንቀጥቀጥ ጀመርኩ። ስማቸው አይቶኝ ምርኩዙን አነሣና፣ “በረደሽ፣ እታለም። ልዝጋው እንዴ?” አለኝ።

“ተወው” አልኩት። “ክፍት ይሁን።”